የጥርስ ሠሪዋ መርከቦች

በወደቡ ከተማ ካሉት የጥርስ ሐኪም ቤቶች በአንዱ፣ ከመታከሚያው ክፍል በስተጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ታካሚዎች ስለ እሷ አያውቁም። ወንበሩ ላይ ተጋድመው አፋቸውን ሲከፍቱ የሚያዩት ሐኪሙን ብቻ ነው፤ ጥርሳቸውን የሚሠራላቸው ግን እሱ አልነበረም። ሐኪሙ የአፋቸውን ልክ በሰም ወስዶ በትንሿ መስኮት ወደ ኋላ ያቀብላል፤ ከመስኮቱ ማዶ የተቀመጠችው ሴት ደግሞ ልኩ ላይ ጀሶ አፍስሳ፣ ድዱን ቀርፃ፣ ጥርሱን አንድ በአንድ ተክላ፣ ሞርዳና ወልውላ ትመልሳለች። ከከተማው ሽማግሌ ግማሹ የሚያኝከው በእሷ እጅ ሥራ ነበር። መንገድ ላይ ሰው ፈገግ ሲልላት ከፊቱ ይልቅ ጥርሱን ነው ቀድማ የምትለየው። «ይሄ የኔ ነው» ትላለች፣ ባሏን በክርኗ ነካ አድርጋ። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። «ሰውዬውን ታውቂዋለሽ እንዴ?» ሲላት፣ «እሱን እንኳን አላውቀውም፤ የላይኛውን መንጋጋውን ነው የማውቀው» ትለዋለች።

የመርከቡ ነገር የጀመረው እዚያው ሐኪም ቤት ነው። በመጠበቂያው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ከሐኪሙ አባት የቀረች አንዲት ባለ ሸራ የመርከብ ሞዴል ነበረች። አንድ ቀን ጉንጩ እንደ ኳስ ያበጠ ሰውዬ ስሙ ሲጠራ ደንግጦ ተነሳና በክርኑ ገጫት። ወለሉ ላይ ተፈጠፈጠች። ምሰሶዋ ተሰባበረ፤ ገመዶቿ ድመት እንደተጫወተበት ክር ተተበተቡ። ሐኪሙ ስብርባሪውን ሰብስቦ ቅርጫት ውስጥ ሊከተው ሲል፣ «አይጣሉት፣ ዶክተር፤ እስቲ እኔ ልየው» አለች ጥርስ ሠሪዋ ከኋላው ክፍል ብቅ ብላ።

ምሰሶውን መጠገን አላስቸገራትም። የተሰነጠቀ ነገር መግጠም የዕለት እንጀራዋ ነው፤ ወረንጦዋም፣ ትንሿ መሰርሰሪያዋም፣ ሰሟም ለአፍ ውስጥ የሚሠሩትን ያህል ለመርከብም ሠሩ። ያስቸገራት ገመዱ ነበር። አንዱን ስታጠብቅ ሌላው ይላላል፤ የላላውን ስትጎትት ያኛው ምሰሶ ይጎብጣል። ብዙ ምሳ ሰዓቶቿን አንገቷን ደፍታ ከቆየች በኋላ ነገሩ ተገለጠላት፦ እዚያ መርከብ ላይ ሥራ የፈታ አንድም ገመድ የለም። እያንዳንዱ የሆነ ነገር ይጎትታል፤ የሆነ ነገር ደግሞ እሱን ይጎትተዋል። መርከቧ አልቃ ወደ ጠረጴዛዋ ስትመለስ ሴትዮዋን ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት። ጠግና መጨረሷ ነበር የከፋት።

ከዚያ በኋላ መርከብ ቤቷ ገባ። ከፍራፍሬ ሣጥን እንጨት፣ ከባሏ አሮጌ ሸሚዝ ሸራ፣ ከስፌት ክር ገመድ እያወጣች የመጀመሪያዋን ሠራች። ባሏ ግራ ቀኝ ዞሮ አያትና፣ «ጥሩ ናት፤ ግን ቀኝ ልትታጠፍ ፍሬቻ ያበራች አውቶቡስ ትመስላለች» አላት። እውነቱን ነበር፤ ወደ ቀኝ ዘማ ነበር። ሁለተኛዋ ቀጥ አለች። ከዚያ ሦስተኛ፣ አራተኛ እያለ፣ ዓመት ዓመትን እየወለደ፣ መርከብ የሌለበት ቦታ ጠፋ። አንዷ ማቀዝቀዣው ላይ፣ ሁለት ቁም ሣጥኑ ላይ፣ አንዷ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ላይ ወጥታ ባሏ ዜና በተመለከተ ቁጥር የዜና አንባቢውን ፊት በምሰሶዋ ለሁለት ትከፍለው ነበር። የሚገርመው፣ ይህን ሁሉ መርከብ የምትሠራ ሴት ጀልባ ላይ ስትወጣ ያቅለሸልሻታል። ወደ ማዶ የምታሻግረውን ጀልባ አንዴ ተሳፍራ ከወረደች በኋላ፣ ዘመድ ለመጠየቅ እንኳ ቢሆን በድልድዩ ዞራ ነው የምትሄደው።

አማቷ የቤታቸው ደረጃ እየከበዳቸው ሲመጣ ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ መጡ። የተሰጣቸው ክፍል መርከቦቹ የሚያድሩበት ክፍል ነበር። አሮጊቷ ሻንጣቸውን አስቀምጠው ዙሪያውን አዩ። ከአልጋቸው ራስጌ ባለ ሦስት ምሰሶ፣ ከግርጌ ባለ ሁለት ምሰሶ መርከብ ቆሟል።

«ልጄ፣» አሉ ለምራታቸው፣ «ኖኅ እንኳ መርከብ የሠራው እግዜር አዞት ነው። አንቺን ማን አዘዘሽ?»

«ማንም አላዘዘኝም፣ እማማ።»

«ያውም እሱ የሠራው አንድ ብቻ ነው።»

ባሏ ይህን ሰምቶ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ በማግስቱ አውቶቡስ ማደሪያው ላይ ለጓደኞቹ ተናገረ። እነሱም ለተሳፋሪ ተናገሩ። ሳምንት ሳይሞላ የሰፈሩ ሰው በሙሉ «እሜቴ ኖኅ፣ ደህና አደሩ? ዝናብ ይመጣል ይላሉ?» ይላት ጀመር። እሷም «ዘንድሮ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ጠብቁኝ» እያለች ታልፋለች።

ነገሩ ሁሉ እንዲህ በጨዋታ ይቀጥል ነበር፤ ምግብ አብሳዩ ባይመጣ ኖሮ።

ምግብ አብሳዩ ዕድሜውን በጭነት መርከብ ላይ ለመርከበኞች ሲያበስል ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጥርሱን ጨርሶ አዲስ አሠርቶ ነበር፤ ግን አልተስማማውም። አንዴ መለሰው፣ ተስተካክሎ ተሰጠው። ደግሞ መለሰው። ሦስተኛ ሲመጣ ሐኪሙን አልፎ፣ በሩን ከፍቶ፣ ታካሚ ገብቶበት የማያውቀው የኋላ ክፍል ውስጥ ዘው አለ። ጥርሱን በመሐረብ ጠቅልሎ ይዞታል።

«ይሄን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ምን ሆነብዎ?»

«ይንኳኳል። ሳወራ እኔ ከምለው ጥርሴ የሚለው ይበልጣል። ከዚያ ደግሞ ጣዕም ከለከለኝ። ሾርባ ቀምሼ ጨው ይነሰው ይብዛው አላውቅም። ምግብ አብሳይ ጨው ካላወቀ ምኑን ሰው ሆነው?»

ጥርስ ሠሪዋ ጥርሱን ተቀብላ ብርሃን ላይ አየችው። ላንቃውን የሚሸፍነው ክፍል ወፍሯል። ወንበር ስባ አስቀመጠችውና ማሳሳት ጀመረች። እሱ ጥርሱ እስኪመለስለት ከንፈሩን ሰብስቦ ክፍሏን ሲቃኝ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ አረፈ። ገና በጅምር ያለች መርከብ፣ የጎን አጥንቷ ብቻ ቆሞ፣ ከጀሶ መንጋጋዎች መሀል ተቀምጣለች።

«ይቺ የማናት?»

«የማንም አይደለችም። መጽሐፍ ላይ አይቻት ነው።»

ወደ መርከቧ ጠጋ አለ። ከዚያ፣ «ሸራ የሌላት መርከብ ትሠሪያለሽ?» አላት።

«ምን ዓይነት?»

«የጭነት። ረጅም፣ ጠፍጣፋ፣ ከኋላዋ ቤት የተጫነባት። ለዓይን የማትሞላ።»

«ሥዕሏ አለዎት?»

ከቦርሳው አንድ ፎቶ አወጣ። ፎቶው ላይ ሽርጥ ያደረገ ወጣት በሁለት እጁ ትልቅ ድስት ይዞ ይስቃል።

«መርከቧስ የታለች?» አለች ጥርስ ሠሪዋ።

«ከኋላዬ ናት።»

ከኋላው የሚታየው የብረት አጥርና ግማሽ በር ብቻ ነበር። እሷ ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም።

«አሁን የት ነች?» አለችው።

«ቆራርጠው አቀለጧት። የምትሞርጂበት ሞረድ እሷ ትሆን እንደሆነም ማን ያውቃል።» ፎቶውን ወደ ቦርሳው እየመለሰ ቀጠለ። «ልጄ፣ ሰው ያደገበትን መንደር ሄዶ ማየት ይችላል። ቤቱ ቢፈርስ መሬቱ አለ። እኔ የኖርኩበት ግን መሬት የለውም። ለልጅ ልጆቼ እዚህ ነበርኩ ብዬ የማሳየው፣ በጣቴ የምጠቁመው ቦታ የለኝም። እንዲያው ብትችይ ብዬ ነው።»

ጥርሱን አለቅልቃ ሰጠችው። አፉ ውስጥ ከተተው፣ ምላሱን አዟዟረ፣ አንገቱን ነቀነቀ። ተስማምቶታል። ሊወጣ ሲል፣ «እሞክራለሁ» አለችው። ግማሹ እሺታ ከአዘኔታ የመጣ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ለጭነት መርከብ ያላት ፍቅር ለጀሶ ጆንያ ካላት ፍቅር አይበልጥም ነበር።

የወደቡ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የመርከቧን እህት፣ በዚያው ፋብሪካ በዚያው ልክ የተሠራችውን፣ ፎቶ አገኘች። ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ገላዋን ከእንጨት ጠርባ በጣሳ ቆርቆሮ አለበሰቻት። የጥርስ ማሰሪያ ሽቦ የዕቃ ማንሻ ክሬን ሆነ። ለመስኮቶቿ ዶቃ ሰንጥቃ ደረደረች። አርፋ በማታውቀው የዕረፍት ቀኗ ሁሉ ስትለፋ ከርማ፣ መጨረሻ ላይ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም ቀብታ፣ እንደ ሠርገኛ ጫማ አብለጭልጫ አስቀመጠቻት። አማቷ እንኳ መነጽራቸውን አውርደው፣ «ይቺስ ቁም ነገር ትመስላለች» አሉ።

ምግብ አብሳዩ ተጠርቶ መጣ። ሳሎን ገባ፣ ሻዩን ተቀበለ፣ ጨርቁ ከመርከቧ ላይ ሲነሳ አየ። ረጅም ጊዜ አየ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ቆንጆ ናት» አለ። እጁን ግን ከጉልበቱ ላይ አላነሳም። ሻዩን ጠጥቶ ስለ አየር ሁኔታ ማውራት ጀመረ።

ጥርስ ሠሪዋ ጥርስ ያልተስማማው ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ሰው ጨዋ ሲሆን «ጥሩ ነው» ይላል፤ ግን አያኝክበትም።

«አባባ፣ ምኗ ነው ያልሆነው? ይንገሩኝ፤ አልቀየምም።»

«ምንም። ብቻ...» ሻዩን አስቀመጠ። «ይቺ ሙሽራ ናት። የኔዋ እንዲህ ሆና አታውቅም። ከመልህቋ ሥር ያለቀሰች ይመስል ዝገት ይወርዳል። በግራ ጎኗ አንድ ቦታ ቀለም አልቆብን ሌላ ዓይነት ጥቁር ቀብተናታል። ከማብሰያዬ ኋላ ገመድ ወጥረን ልብስ እናሰጣለን። ሽንኩርት የምልጥበት ሣጥን በሩ አጠገብ ነበር። አሁን ብገባባት ጫማህን አውልቅ የምትለኝ ነው የሚመስለኝ።»

አልቀየምም ያለችው ሴት ተቀየመች። እሱ ከሄደ በኋላ መርከቧን ጨርቅ አልብሳ አልጋ ሥር ከተተቻት። ያን ሰሞን ስለ መርከብ የሚያነሳባት ሰው አልነበረም። ባሏ ግን በጉዳይ መሀል ጉዳይ የማስገባት ልማድ አለበት። አንድ ቀን እራት ላይ ዳቦ እየቆረሰ፣

«ሰውዬው ጥርሱን ስንቴ ነበር የመለሰብሽ?» አላት።

«ሦስቴ።»

«ተናደድሽ?»

«ለምን እናደዳለሁ? ካልተስማማው ይመልሳላ። ጥርሱ እኮ የሱ ነው።»

«መርከቧስ የማን ናት?»

ዳቦዋን አስቀምጣ መስኮቱን አየች። እሱም ነገሩን እዚያው ተወው፤ ጎበዝ ሹፌር የት ላይ ፍሬን እንደሚያዝ ያውቃል።

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ አማቷ ወጥ ቤት ውስጥ ወገባቸውን ይዘው ቆመው ነበር።

«ነይ ጉድሽን እዪ። የድስት መፈግፈጊያውን ሽቦ እርጥቡን ማጠቢያው ላይ ትተሽው ሄደሽ፣ ዝገቱ ወርዶ አበላሸው። ስፈገፍግ ዋልኩ፤ እንቢ አለ።»

ጎንበስ ብላ አየች። ከሽቦው የወረደው ዝገት ከላይ ወፈር ብሎ፣ ወደ ታች እየሳሳ፣ ጠርዙ ላይ ብርቱካንማ ሆኖ፣ ነጩ ማጠቢያ ላይ ተዘርግቷል። «ያለቀሰች ይመስል» ብሎ ነበር ምግብ አብሳዩ።

«እማማ፣ እንዳይነኩት።»

«ምኑን?»

«ዝገቱን።»

አሮጊቷ ወደ ሳሎኑ ዞረው፣ «ልጄ፣ ና፤ ሚስትህ ታማለች» ብለው ተጣሩ።

በዚያው ሳምንት የወጥ ቤቱ መስኮት ደፍ በማርማላታ ጠርሙስ ተሞላ። በየጠርሙሱ የሽቦ ቁራጭ በኮምጣጤ ተዘፍዝፏል፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ እንደ ደረቀ ደም ያለ ቀለም አወጣ። ሽታው ግን የሚቻል አልነበረም። አማቷ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይመላለሱ ነበር። ጥርስ ሠሪዋ መርከቧን ከአልጋ ሥር አወጣቻት። ከቀጭን ብሩሾቿ አንዱን ጠርሙሱ ውስጥ ነክራ መልህቋ ሥር ስታደርስ እጇ ቆመ። ዕድሜ ልኳን የሠራችው ማጽዳትና ማንጣት፣ ማለስለስና መወልወል ነው። የጸዳ ነገር በገዛ እጇ ማቆሸሽ የገዛ ልጇ ፊት ላይ ጭቃ የመቀባት ያህል ሆነባት። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ጫረችው። ስትከፍተው መርከቧ ከባሕር የተመለሰች መሰለች።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት። ምግብ አብሳዩን ጠርታ ትጠይቀዋለች፤ እሱ ይናገራል፤ እሷ ትሠራለች። ደረጃዋ የትኛው ጋ ተበልቷል? የማብሰያ ቤቱ በር ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው? ሰውዬው አንዳንዴ መልሱን አያውቀውም፤ ግን ተነስቶ ሳሎኑ መሀል ቆሞ፣ ድስት የያዘ ይመስል ክንዱን ዘርግቶ፣ በሩን በትከሻው ሲገፋ እጁ ያስታውሰዋል። «ወደ ውጭ ነው» ይላል ያኔ።

ስለ ልብስ ማስጫው ገመድ ሲነገር አማቷ ከጥግ ሆነው ይሰሙ ነበር።

«ምን ምን ታሰጡ ነበር?» አሉ።

«ያው ሽርጥ፣ ሸሚዝ፣ የውስጥ ሱሪ፣ ካልሲ።»

አሮጊቷ በወጣትነታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። መርፌ ክር አስገቢልኝ አሉ ምራታቸውን፤ ዓይናቸው እንቢ ቢልም እጃቸው አልረሳም። በማግስቱ የጣት ጥፍር የሚያክል ሽርጥ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ ሰፊ የውስጥ ሱሪና አንዲት ካልሲ ሰፍተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ።

«ካልሲዋ ብቻዋን ናት፣ እማማ። ጓደኛዋስ?»

«ወንድ ብቻውን በሚኖርበት ቤት ጥንድ ካልሲ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

መርከቧ ስታልቅ ወደ ምግብ አብሳዩ ቤት የሄደችው በባሏ አውቶቡስ ነው። ጥርስ ሠሪዋ ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ላይ ታቅፋት ተቀመጠች፤ አጠገቧ አማቷ አሉ። ከተጠቀለለችበት አንሶላ ውስጥ ጭስ ማውጫዋ ብቻ ብቅ ብሏል። ባሏ በድምፅ ማጉያው፣ «ከኋላ ያላችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ መርከብ አሳፍረናል» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። «እስቲ ግለጧት» አሉ። ግለጧት ሲሏት ገለጠቻት። ከኋላ ቆሞ የነበረ ሽማግሌ የወደብ ጫኝ፣ ሰው ገፍቶ መጣና ጎንበስ አለ።

«ይቺን አውቃታለሁ» አለ። «ስሟን ረስቼዋለሁ፤ ይቺን ዝገቷን ግን የት አባቴ እረሳታለሁ። ስንቴ ከሥሯ ቆሜ ጠብቄያለሁ።»

ጥርስ ሠሪዋ እንዲያያት መርከቧን ወደ እሱ አዞረችለት። ሰውዬው መውረጃውን አሳልፎ እስከሚቀጥለው ድረስ ሲያያት ሄደ።

ምግብ አብሳዩ በሩን ከፈተላቸው፤ መርከቧን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡለት መነጽሩን አደረገ። መጀመሪያ የውስጥ ሱሪውን አየና ሳቁ ገነፈለ። «ይሄ የዋናው መካኒክ ነው» አለ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ጣቱን ሰደደ፤ በግራ ጎኗ ላይ አልፎ፣ ከሽንኩርቱ ሣጥን አጠገብ፣ በግማሽ ከተከፈተው በር ላይ አሳረፈው።

«እዚህ ነበርኩ» አለ።

ጣቱን ከዚያ አላነሳም። እነሱም አላስቸኮሉትም። ከቆይታ በኋላ ተነስቶ፣ ሾርባ ሠርቻለሁ፣ ሳትበሉ አትሄዱም አላቸው። ጨዉ ልክ ነበር።

መርከቧ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብዙም አልቆየችም። ምግብ አብሳዩ ወደ ጡረተኛ መርከበኞች ክበብ ይዟት ሄደና ጠብ ተነሳ። አንዱ የክሬኑ ቁመት በዛ ይላል፤ ሌላው ዝገቱ አነሰ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ካልሲዋ የእኔ ናት ብሎ ድርቅ አለ። ከጠቡ መሀል ግን አንድ በአንድ እየተነሱ የጥርስ ሠሪዋን አድራሻ ይጠይቁ ጀመር። የመጀመሪያው ትልልቅ መርከቦችን እየጎተተ ወደብ የሚያስገባው ጎታች መርከብ ነጂ የነበረ ሰው ነው። ከእሱ ቀጥሎ ባሏን በባሕር ያጣች መበለት መጣች፤ ባሏ ይሠራባት የነበረችውን የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ፈለገች። ማንም ባለ ሸራ አላዘዘም። ሁሉም የሚፈልገው የራሱን ነው።

ጥርስ ሠሪዋ በቀን ጥርስ፣ ከሥራ መልስ መርከብ እየሠራች ጥቂት ወራት ታገለች። አንድ ቀን የአንዲት ወይዘሮ የታችኛው ጥርስ ላይ ጥቁር ቀለም ተገኘ። ሐኪሙ በመስኮቱ አጮልቆ፣ ጥርሱን ከፍ አድርጎ አሳያት።

«ይቺ ደግሞ ጭስ ማውጫ አላት?»

«ይቅርታ፣ ዶክተር። አሁኑኑ አጸዳዋለሁ።»

«ማጽዳቱን ታጸጂዋለሽ። እኔ የምልሽ ሌላ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። አንዱን ምረጪ። ሰው እስካገኝ ጥቂት ወራት ስጪኝ እንጂ እኔ አልቀየምሽም።»

መርከቡን መምረጧን ቤት ስትነግራቸው የምትጠብቀው ተቃውሞ ነበር። ባሏ፣ «አውቶቡሱ እስካለ ዳቦ አይጠፋም። ሞክሪው» አላት። አማቷ ግን እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ምራታቸው ፈራች።

«እማማ፣ ምን ይላሉ?»

«እኔ እንኳ የምለው፣ ሥራ ከሆነ ሥራ ነው። ልብሱን የምሰፋው እኔ ነኝ። እንግዲህ እንደ ልጅ በአንድ ከረሜላ የምታታልይኝ እንዳይመስልሽ። ድርሻዬን እፈልጋለሁ።»

ድርሻቸውን ተስማምተው ጀመሩ። የዓሣ መረብ ጠጋኞች ከሚሠሩበት ጎዳና ላይ አንድ መስኮተ ሰፊ ክፍል ተከራዩ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ እንዳሰቡት አልሄደም። ክበቡ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች ያዘዙት አለቀና በሩን የሚያንኳኳ ጠፋ። ጥርስ ሠሪዋ ያኔ አልኮራችም፤ ሐኪሙ ጋ ሄዳ በሳምንት ሁለት ቀን ጥርስ ልሥራ አለች። አዲሱ ሠራተኛ እጁ ገና ስላልተፍታታ ሐኪሙ በደስታ ተቀበላት። በቀሩት ቀናት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ያልታዘዙ መርከቦችን ትሠራ ነበር። አማቷ ከጎኗ ሆነው አላፊ አግዳሚውን ይታዘባሉ። መስኮቱ ላይ ዓይኑን ጣል ያደረገውን ሁሉ በጣታቸው ጠቅሰው ያስገባሉ። ከገባ በኋላ ወንበር ይሰጡታል። ወንበር ከተሰጠው በኋላ መውጣት ቀላል አይደለም።

እንዲህ ከገቡት አንዱ ወደ ማዶ የምታሻግረው ጀልባ ድርጅት ኃላፊ ነበር። እንደ አጋጣሚ ዝናብ ሊጠለል ነው የቆመው። አሮጊቷ አስቀመጡት። መርከቦቹን ሲያይ ቆየና አሮጌዋ ጀልባ በአዲስ ልትተካ እንደሆነ፣ ለተሳፋሪ መጠበቂያው አዳራሽ የአሮጌዋን ሞዴል ቢያሠሩ ደስ እንደሚለው ተናገረ። ጥርስ ሠሪዋ እሺ አለች፤ ግን አንድ ችግር ነበር። ጀልባዋን ልክ ለመውሰድ መሳፈር አለባት።

ተሳፈረች። በአንድ እጇ ሜትር፣ በሌላው ምናልባት ካስመለሳት ብላ ላስቲክ ይዛ፣ ፊቷ እንደ ጀሶ ነጥቶ ስትመላለስ ሰነበተች። ባሏ በዕረፍት ቀኑ ተከትሏት ሜትሩን በሌላው ጫፍ ያዘላት። ትኬት ቆራጯ አዘነችላትና የማያናውጥበትን ቦታ አሳየቻት፤ ከሞተሩ በላይ፣ መሀል ላይ፣ ጀርባን ለነፋስ ሰጥቶ ነው። እዚያ ቆማ ስታይ ተሳፋሪው ሁሉ የራሱ ቦታ እንዳለው ገባት። ነርሷ ሁልጊዜ መስኮቱ ጋ ናት። ተማሪዎቹ ደረጃው ላይ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ሁሌም ከሕይወት ማዳኛው ጎማ ሥር ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል።

ሞዴሏ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሆና አዳራሹ መሀል የቆመች ቀን ንግግር ተደርጎ ነበር፤ የሰማው ግን ጥቂት ሰው ነው። ሰዉ መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ደፍቶ የየራሱን ቦታ ይፈልጋል። «እኔ እዚህ ነኝ።» «የለም፣ አንቺ እዚያ ነሽ፤ እዚህ እኔ ነኝ።» ሽማግሌው ጋዜጣውን አጥፎ፣ ከጎማው ሥር ወንበሩን አገኘውና ባርኔጣውን አነሳ። አማቷ ለሚሰማቸው ሁሉ መጋረጃዎቹን የሰፉት እሳቸው መሆናቸውን ሲናገሩ ዋሉ። ጥርስ ሠሪዋ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ባሏ መጥቶ ትከሻዋን ገፋ አደረጋትና፣ «የማንንም ጥርስ አላየሽም ዛሬ» አላት። እውነት ነው፤ አላየችም።

ከዚያ ወዲህ የሳምንቱን ሁለት ቀን ጥርስ ተወች። ሥራው አንዴ ይሞላል፣ አንዴ ይጎድላል፤ ግን በሩን የሚያንኳኳ አልጠፋም። ከሌላ ወደብ የሚመጡም አሉ።

በቅርቡ የመጣው የጭቃ ማውጫ መርከብ ሠራተኛ ነው፤ ከወደቡ ሥር ጭቃ እየዛቀ መንገድ የሚያበጅ። ሰውነቱ ግዙፍ፣ ድምፁ ቀጭን ነው። በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን እያሻሸ፣ «የኛዋ ለሞዴል አትሆንም፤ አስቀያሚ ናት። ማንም ፎቶ አንስቷት አያውቅም። ሚስቴ ግን ጠይቅ ብላኝ ነው» አላት። ጥርስ ሠሪዋ ወረንጦዋን አስቀምጣ ወንበር ሳበችለት።

«እሷን እንደርስባታለን» አለችው። «መጀመሪያ እርስዎ የት ጋ እንደሚቆሙ ይንገሩኝ።»

ሰውዬው ተቀመጠና መናገር ጀመረ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ አማቷ ሦስት ሳህን አቀረቡ። እሱ እየበላም ይናገር ነበር።